ክራንክሻፍት ፍለጋ፦ ከትሬንታ ኳትሮ እስከ ኤንፒአር

ቦሪ ላይ ሆነን የአዲስ አበባን ሶማሌ ተራና የናይሮቢን ኪሪንያጋ መንገድ እኩል የምናስብ ነጋዴዎች ነን። ሁለቱም የመኪና መለዋወጫ ይሸጥባቸዋል፤ ከወዲህም ከወዲያም ሞተሩ ተፈትቶ ዕቃ የሚጠብቅ ሰው አይጠፋም።

በጋራዦቻችን ቢየላ፣ ካምቢዮ የምንላቸው ቃላት ከጣሊያን መኪና ጋር የገቡ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ፊያት 634 መጣ፤ ሰው ትሬንታ ኳትሮ አለው። ከ1952 ጀምሮ የተሠራው ፊያት 682 ደግሞ ኤንትሬ በተባለው ሞዴሉ አገሩን አዳረሰ። ክራንክሻፍት ሲበላ በ0.25፣ ሲብስም በ0.50 ሚሊ ሜትር ተቀንሶ፣ በዚያው ልክ የወፈረ ብሮንዝ ይገባለታል።

አይሱዙ ሲበዛ ችግሩ መልኩን ቀየረ። ኤንፒአር ስሙ አንድ ነው፤ ሞተሩ ግን ይለያያል። የፎር ቢዲ ዋን ፒስተን 118 ሚሊ ሜትር ሲመላለስ የፎር ኤችኤፍ ዋን 110 ነው። የአንዱ ክራንክሻፍት ለሌላው አይሆንም። እኛም አንዴ «የኤንፒአር» የሚል ትእዛዝ ብቻ ይዘን ገዝተን ሌላ ሆኖ ተገኘ። ሾፌሩ ሁለት ሳምንት ያለ ሥራ ተቀመጠ፤ የቤቱን ወጪ ስናስብ ዛሬም ያሳፍረናል።

ከዚያ ወዲህ ገንዘብ ከመቀበላችን በፊት በብሎኩ ላይ የተመታውን የሞተር ቁጥር እንጠይቃለን፤ ቀጥለን ብሮንዙ ስታንዳርድ ነው ወይስ የተቀነሰ እንላለን። አስፋልቱና የጋራው ኬላ ጉዞውን አሳጥረውልናል። የተሳሳተ ዕቃ ግን ያንኑ መንገድ ሁለት ጊዜ ያስኬዳል።