የፈለኮች ስም በአማርኛ፤ ከሰባቱ ወደ ስምንቱ

ስለ ሰማይ የሚነገሩ ቃላት የአንድ ሕዝብ ዕውቀት ከየት እንደ መጣና በየትኛው ዘመን እንደ ተለወጠ ይመሰክራሉ። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው በአማርኛ ለፈለኮች የተሰጡትን ስሞች ነው። ጥያቄያችንም ተማሪ ስለ ፈለኮች ሲማር የጥንቱን ስም ይያዝ ወይስ ይተው የሚል ነው።

በግእዝና በአማርኛ የከዋክብት ቈጠራ መጻሕፍት የሚገኙት ስሞች ሰባት ናቸው፤ እነርሱም ዙሐል፣ መሽተሪ፣ መሪኅ፣ ሸምስ፣ ዝሁራ፣ ዐጣርድና ቀመር ይባላሉ። ሁሉም ከዐረብኛ የመጡ ናቸው። ይህም የሚያስደንቅ አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያናችን ከግብፅ ጋር በነበራት ግንኙነት ምክንያት በዐረብኛ የተጻፉ ብዙ መጻሕፍት ወደ ግእዝ ተመልሰዋልና። በ13ኛው መቶ ዓመት ግብፃዊው አቡ ሻክር የደረሰው የዘመን አቈጣጠር መጽሐፍ ከእነዚህ አንዱ ነው። «ፈለክ» የሚለው ቃል ራሱ ዐረብኛ ሲሆን ቀድሞ ኮከቡን ይዞ የሚዞረውን ክብ ሰማይ ያመለክት ነበር፤ ኋላ ግን ስሙ ወደ ዟሪው አካል ተላለፈ።

የሰባቱም ተራ በዘፈቀደ የተደረደረ አይደለም። ዙሐል ሰማይን ለመዞር 29 ዓመት ተኩል ያህል፣ መሽተሪ 12 ዓመት ያህል፣ መሪኅ ሁለት ዓመት ገደማ፣ ፀሐይ አንድ ዓመት፣ ጨረቃ ግን 27 ቀን ያህል ይፈጅባቸዋል። የጥንት ሊቃውንት ቀርፋፋው ሩቅ፣ ፈጣኑ ቅርብ ነው ብለው ከላይ ወደ ታች ደረደሯቸው። በዚህ ዝርዝር ውስጥ መሬት የለችም፤ የሁሉ መካከል ሆና ቆማለች ተብሎ ይታመን ነበርና።

ኮፐርኒከስ በ1543 (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር) መጽሐፉን ባሳተመ ጊዜ ግን ተራው ተለወጠ። ፀሐይ ወደ መካከል ገባች፤ መሬት የፀሐይን ቦታ ያዘች፤ ጨረቃም የመሬት ተከታይ ሆነች። ስለዚህ ከሰባቱ ሁለት ወጥተው አንድ ሲገባ ስድስት ቀሩ። በ1781 ኡራኑስ፣ በ1846 ኔፕቲዩን ተገኝተው ስምንት ሆኑ። በ1930 የተገኘው ፕሉቶ ዘጠነኛ ተብሎ ከቈየ በኋላ በ2006 ከቍጥሩ ወጣ።

የጥንቶቹ ስሞች በሕዝቡ አፍ ሥር ያልሰደዱበት አንዱ ምክንያት፣ እንደሚመስለን፣ የዕለታት ስም ነው። በፈረንሳይኛ ማክሰኞ በመሪኅ ስም ይጠራል፤ በእኛ ግን ረቡዕ አራተኛ፣ ሐሙስ አምስተኛ ማለት እንጂ ከከዋክብት ጋር ግንኙነት የላቸውም። ስለዚህ የፈለኮቹ ስም በሊቃውንት መጻሕፍት ሲቀር፣ ባላገሩ ጎሕ ሲቀድ የምትታየውን ዝሁራን የአጥቢያ ኮከብ ይላታል።

እነዚህ ስሞች ከጥንቆላ መጻሕፍት ጋር ስለ ተያያዙ ለትምህርት አይሆኑም የሚል ሰው ቢኖር፣ ማርስና ጁፒተርም የሮማውያን ጣዖታት ስሞች መሆናቸውን እናስታውሰዋለን። የከዋክብትን ምርምር ከጥንቆላ የሚለየው ዘዴው እንጂ ስሙ አይደለም።

እንግዲህ ሐሳባችን ይህ ነው፤ ጥንት ለሚታወቁት ለአምስቱ ከአውሮፓው ስም ጎን የእኛም ይጻፍ፤ ኡራኑስና ኔፕቲዩን የጥንት ስም ስለሌላቸው እንዳሉ ይቀመጡ። ተማሪውም ሁለቱን ዝርዝሮች ጎን ለጎን ሲያይ፣ መሬት ከፈለኮች መካከል መቼ እንደ ተቈጠረች በዚያው ይማራል።

በ2019 የዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ለየአገሩ የስም ማውጣት ዕድል በሰጠ ጊዜ፣ ኢትዮጵያ አንድን ሩቅ ኮከብ ቡና፣ በዙሪያው የሚዞረውን ፈለክ ደግሞ አቦል ብላ ሰይማለች። ለዚያ ሩቅ ፈለክ ስም ያወጣ ቋንቋ፣ በዓይን ለሚታዩት ለአምስቱ ያለውን ስም ሊረሳ አይገባውም።