ከአርኮት ግብር እስከ ለንደን ምክር ቤት

«ናዋብ» የሚለው የህንድ ማዕረግ ከዐረብኛው «ናኢብ» የመጣ ሲሆን ምትክ፣ እንደራሴ ማለት ነው። የምጽዋንና የሐርቂቆን ናኢቦች ታሪክ የሰማ ሰው ቃሉ እንግዳ አይሆንበትም። እንግሊዞች ግን በ18ኛው ክፍለ ዘመን «ናቦብ» ብለው አጣመሙትና ህንድ ሄዶ በአቋራጭ የከበረ የገዛ አገራቸውን ሰው ጠሩበት። ዛሬ የምናነሳው እውነተኛውን ናዋብና እነዚያን ናቦቦች ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

የአርኮቱ ናዋብ ሙሐመድ ዐሊ ኻን ዋላጃህ በደቡብ ህንድ ካርናቲክን ከ1749 እስከ 1795 ገዛ። ሥልጣኑ የጸናው በእንግሊዙ ኢስት ኢንዲያ ኩባንያ ጦር ነው፤ ለጦሩ ደግሞ መክፈል ነበረበት። ገንዘብ ሲያጥረው ከማን ተበደረ? ከዚያው ኩባንያ ሠራተኞች፣ በግል፣ በከባድ ወለድ። መያዣው የወረዳዎቹ ግብር ነበር። የገበሬው እህል ገና ሳይታጨድ የአበዳሪ ሆነ ማለት ነው።

እስከዚህ ድረስ ሪባ የትም የሚሠራው ሥራ ነው። እኛን ያስገረመን ቀጥሎ ያለው ነው። አበዳሪዎቹ ዕዳው በለንደን እንዲጸድቅላቸው ፈለጉ፤ ለንደን ደግሞ የተመረጠ ምክር ቤት ነበራት። ምርጫው ምን ይመስል ነበር? ኦልድ ሳረም የሚባል ሰው የማይኖርበት ኮረብታ ሁለት እንደራሴዎች ይልካል፤ ትልቋ ማንቸስተር እስከ 1832 አንድም የላትም። ኮረብታውን የገዛው ቶማስ ፒት ነው፤ በኋላ የማድራስ ገዢ የሆነው። ድምፅ እስከ 1872 በአደባባይ ይሰጥ ስለነበር ወንበር የሚገዛ ሰው የከፈለበትን ድምፅ በዓይኑ ያይ ነበር። ጉቦ ከነደረሰኙ!

ከዋናዎቹ አበዳሪዎች አንዱ ፖል ቤንፊልድ በ1780 ከክሪክሌድ ተመርጦ ገባ። ሌሎችም ገቡ። በ1784 የዊልያም ፒት መንግሥት (የዚያው የቶማስ የልጅ ልጅ ልጅ ነው) ዕዳው ሳይመረመር ከካርናቲክ ግብር እንዲከፈል ወሰነ። በየካቲት 1785 ኤድመንድ በርክ ይህ ለምርጫ ድጋፍ የተከፈለ ዋጋ ነው ሲል ረጅም ንግግር አደረገ። ሰነዱ ይቅረብ የሚለው ጥያቄ ግን በድምፅ ብልጫ ወደቀ። ልብ በሉ፣ ሁሉም በሥርዓቱ ነው የተፈጸመው፤ እጅ እየተቆጠረ።

ኩባንያው በ1801 ካርናቲክን ጠቀለለ። ከ1785 በኋላም በናዋቡ ስም ሌላ ዕዳ ተቆልሎ ነበር፤ ይህኛው በኮሚሽን ሲመረመር አብዛኛው ውድቅ ሆነ። የፊተኛው ግን ሳይመረመር ተከፍሎ አልቋል።