የማነቆው ጉዞ፦ ለቪዲዮ ቅንብር የሚገጣጠም ኮምፒውተር ታሪክ ከጎንደር እስከ ኮላ ድባ

ኮላ ድባ ከጎንደር ከተማ በደቡብ ምዕራብ አቅጣጫ 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከአዘዞ ተገንጥሎ ወደ ጎርጎራ በሚወርደው መንገድ ላይ የምትገኝ፣ የደምቢያ ለም ሜዳ ገበያና የምሥራቅ ደምቢያ ወረዳ መቀመጫ ናት። በእንዲህ ዓይነቶቹ የወረዳ ከተሞች የቪዲዮ ቅንብር፣ ማለትም የተቀረጸውን ምስል መርጦና ቆርጦ፣ ድምፅ አዋሕዶና ጽሑፍ ጨምሮ ለእይታ የማብቃት ሥራ፣ የሚተዳደረው ከሁሉ በላይ በሠርግ ገቢ ነው። ስለዚህ ሙያ ሲወራ ካሜራው ይወደሳል፤ ሥራው የሚያልቅበት ኮምፒውተር ግን እምብዛም አይነሣም። ነገር ግን ባለሙያው የመጀመሪያውን ኮምፒውተር ራሱ ለመገጣጠም ሲነሣ ገንዘቡን በየትኛው ዕቃ ላይ ማዋል እንዳለበት የሚወስነው ጥያቄ የራሱ ታሪክ አለው፤ ይህም ታሪክ በአመዛኙ የአንድ ማነቆ፣ ማለትም ሥራውን ሁሉ ወደ ኋላ የሚጎትት የአንድ ደካማ አካል፣ ከዲስክ ወደ ፕሮሰሰር፣ ከፕሮሰሰርም ወደ ግራፊክስ ካርድ የመዘዋወር ታሪክ ነው።

በኢትዮጵያ የቴሌቪዥን ሥርጭት በ1957 ዓ.ም. ከተጀመረ በኋላ ለረጅም ጊዜ ቅንብር በአዲስ አበባ በመንግሥት ተቋማት እጅ ብቻ የነበረ ሥራ ነበር። ከዚያ ውጭ የሚሠራ ሰው ፊልሙን ይዞ ባሕር መሻገር ነበረበት፤ የጎንደሩ ተወላጅ ኃይሌ ገሪማ በ1960ዎቹ አገር ቤት ገብቶ የቀረጸውን ምርት ሦስት ሺህ ዓመት የተሰኘ ፊልሙን የጨረሰው በአሜሪካ ነው። የቪኤችኤስ ካሴት ሲስፋፋ ቅንብር ወደ ግለሰቦች እጅ ገባ፤ አሠራሩም ሁለት የቪዲዮ ማጫወቻዎችን በገመድ አገናኝቶ ከአንዱ እያጫወቱ በሌላው መቅዳት ነበር። ይህ ስልት ሁለት እንከኖች ነበሩት። አንደኛ፣ ምስሉ ከካሴት ወደ ካሴት በተገለበጠ ቁጥር እየደበዘዘ ይሄዳል፤ ሁለተኛ፣ ከተጠናቀቀ ሥራ መካከል አንድ ትዕይንት ለመጨመር ቢፈለግ ከዚያ ቦታ በኋላ ያለው ሁሉ እንደገና መቀዳት አለበት። በዚህ ላይ ኢትዮጵያ የምትጠቀመው በሰከንድ 25 ምስሎችን የሚያሳየውን ፓል የተባለውን ሥርዓት በመሆኑ፣ ከአሜሪካ ዘመድ የላከው ካሜራ ወይም ካሴት ወደ 30 በሚጠጋው በኤንቲኤስሲ ሥርዓት የተሠራ ሆኖ ሲገኝ ሥራው ይበልጥ ይወሳሰብ ነበር።

ኮምፒውተርን ከተለያየ ፋብሪካ በወጡ ዕቃዎች መገጣጠም የተቻለው አይቢኤም እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1981 ያወጣው የግል ኮምፒውተር ክፍት አሠራር ስለነበረው ነው። ኩባንያው ፕሮሰሰሩን ከኢንቴል ገዝቶ፣ ካርዶች የሚሰኩባቸውን ቀዳዳዎች አሠራር በይፋ ስላሳተመ፣ ሌሎች ኩባንያዎች ጥቂት ዓመት ሳይቆዩ ተመሳሳዩን ማምረት ጀመሩ፤ ክሎን የሚለው ስያሜም የመጣው ከዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ደግሞ ኢንቴል ኤቲኤክስ የተሰኘውን ደረጃ አወጣ፤ ይህም የማዘርቦርዱን፣ ማለትም ሌሎቹ አካላት ሁሉ የሚሰኩበትን ዋና ሰሌዳ፣ ስፋትና የብሎን ቀዳዳዎች እንዲሁም የፓወር ሰፕላዩን መጠን የደነገገ ስምምነት ነው። ዛሬ አንድ ሰው ኬዙን ከአንድ ሱቅ፣ ማዘርቦርዱን ከሌላ ገዝቶ ሁለቱ እንደሚገጥሙ የሚተማመነው በዚህ ስምምነት ነው።

በዚያው ዓመት ለቅንብር ሙያ ከዚህም የሚበልጥ ነገር ተከሠተ፤ ዲቪ የተባለው ዲጂታል አቀራረጽና ካሜራን ከኮምፒውተር የሚያገናኘው ፋየርዋየር የተሰኘ መስመር ወጡ። በሚኒ ዲቪ ካሴት ላይ ያለው ምስል ቀድሞውኑ በአኃዝ የተጻፈ በመሆኑ ወደ ኮምፒውተር ሲገባ ጥራቱን አያጣም፤ ሲቆረጥና ሲቀጠልም አይደበዝዝም። ይህ ለውጥ በኢትዮጵያ በ1990ዎቹ አጋማሽ ፍሬ ማፍራት ጀመረ፤ በቪዲዮ የተቀረጹ እንደ ጉዲፈቻና ቀዝቃዛ ወላፈን ያሉ የአማርኛ ፊልሞች ወደ ሲኒማ ቤት የገቡት ያኔ ሲሆን፣ የሠርግ ቪዲዮ አንሺዎችም ሁለቱን ማጫወቻዎች እየተዉ ወደ ኮምፒውተር ዞሩ።

በዚያ ዘመን ማነቆው ዲስኩ ነበር፤ ምክንያቱንም በቁጥር ማሳየት ይቻላል። የዲቪ ምስል በሰከንድ 3.6 ሜጋባይት ገደማ ስለሚወስድ የአንድ ሰዓት ካሴት 13 ጊጋባይት ይይዛል፤ የሙሽራው ቤት፣ የሙሽሪት ቤት፣ የቤተ ክርስቲያኑ ሥርዓትና መልሱ የተቀረጹባቸው አራት ካሴቶች ከ50 ጊጋባይት በላይ ይሆናሉ። 40 ጊጋባይት ዲስክ እንደ ትልቅ በሚታይበት ጊዜ ይህ ማለት አንድ ሠርግ ተጠናቆ ሳይሰረዝ ሁለተኛው አይጀመርም ማለት ነበር። ከዚህ በተጨማሪ ፋት 32 የተሰኘው የዲስክ አደራጃጀት ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል ስለማይቀበል፣ ዲስኩን ኤንቲኤፍኤስ በተባለው ሌላ አደራጃጀት ያላዘጋጀ ሰው ቅጂው 20 ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ይቆምበት ነበር። ልምድ ያላቸው ገጣጣሚዎች የደረሱበት መፍትሔ ሁለት ዲስክ መግዛት ነው፤ አንዱ ዊንዶውስንና ፕሮግራሞችን ይይዛል፣ በደቂቃ 7200 ዙር የሚሽከረከረው ሁለተኛው ደግሞ ለምስል ብቻ ይተዋል። ሁለቱ በአንድ ጠፍጣፋ ገመድ ላይ ተጋርተው እንዳይዘገዩ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መስመር ይሰካሉ፤ ከዲስኩ ጀርባ ያለችውን ጃምፐር የተባለች ትንሽ መሰኪያ በተሳሳተ ቦታ ያስቀመጠ ሰው ግን ኮምፒውተሩ ዲስኩን ጨርሶ አላየሁም ሲለው ይውል ነበር። በዚያን ጊዜ ፈጣን የሚባለውን ፔንቲየም 4 ገዝቶ ዲስኩ ላይ የቆጠበ ባለሙያ የሚያገኘው ውጤት ካሴቱ ሲገለበጥ የሚዘልሉ ምስሎች ነበር።

የአማርኛ ጽሑፍም የራሱ ጣጣ ነበረው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ፣ ማለትም ለዓለም ፊደላት ሁሉ የጋራ ቁጥር በሚሰጠው ደረጃ፣ ውስጥ ከመግባቱ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ፕሮግራም ፊደሉን በራሱ ቅደም ተከተል ያስቀምጥ ስለነበር፣ በአንዱ ኮምፒውተር የተጻፈው የሙሽሮች ስም ያ ፎንት በሌለበት በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ሆኖ ይወጣ ነበር። ዊንዶውስ ኒያላ የተሰኘውን የግዕዝ ፎንት ይዞ የመጣው ዩኒኮድ ከተቀበለው ዓመታት ዘግይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ነው።

ሁለተኛው ዘመን የጀመረው ካሴቱ ለሚሞሪ ካርድ ቦታውን ሲለቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ካኖን 5ዲ ማርክ 2 የተባለው የፎቶ ካሜራ ሙሉ ኤችዲ ቪዲዮ መቅረጽ በመቻሉ የሠርግ አንሺው አንድ ዕቃ ለሁለት ሥራ አገኘ፤ ነገር ግን ምስሉ የተጨመቀበት ኤች 264 የተሰኘው ስልት በኮምፒውተሩ ላይ አዲስ ሸክም ጫነ። ስልቱ አንድ ሙሉ ምስል ካስቀመጠ በኋላ ለሚከተሉት የሚመዘግበው ልዩነታቸውን ብቻ ስለሆነ ፋይሉ ያንሳል፤ አቀናባሪው በመካከል ያለ አንድ ምስል ላይ ሲቆም ግን ፕሮሰሰሩ ወደ ኋላ ተመልሶ ያንን ሁሉ ልዩነት መደመር አለበት። ዲስኩ ሥራ ሲፈታ ፕሮሰሰሩ መቶ በመቶ ሲጨናነቅ የታየው ያን ጊዜ ነው። ዲስክ ላይ ማውጣትን የተማረው ትውልድ አሁንም ዲስክ ላይ ማውጣቱ የተለመደ ስሕተት ሆነ።

ለዚህ መፍትሔ የመጣው ከሁለት አቅጣጫ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው አዶቤ ፕሪሚየር ሲኤስ 5 በ64 ቢት ብቻ የሚሠራ ሆኖ ከ4 ጊጋባይት በላይ ራም መጠቀም ከመቻሉም በላይ፣ የኤንቪዲያን ግራፊክስ ካርድ ለቅንብር ስሌት አሠራ፤ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ኢንቴል የተጨመቀ ምስልን የሚፈታ ክዊክ ሲንክ የተሰኘ ልዩ ክፍል በፕሮሰሰሩ ውስጥ ካለው ግራፊክስ ጋር አካተተ። ከዚህ የተነሣ ዛሬም የመጀመሪያ ኮምፒውተር ገጣጣሚዎችን የሚያሳስት አንድ ፊደል አለ፤ በኢንቴል ፕሮሰሰር ስም መጨረሻ ላይ ኤፍ ካለ የውስጥ ግራፊክሱ የለም፣ ስለዚህ ክዊክ ሲንክም የለም ማለት ነው። ለጌም ተጫዋች ይህ ርካሽ ግዢ ነው፤ ከካሜራ የወጣ ኤች 264 ቀኑን ሙሉ ለሚቆርጥ ሰው ግን የተቆጠበው ብር ብዙ ጊዜ ኪሳራ ነው። ራምም ቢሆን 16 ጊጋባይት በአንድ ቁራጭ ከመግዛት ባለ 8 ሁለት ገዝቶ በሁለት መስመር እንዲሠራ ማድረግ ይመረጣል።

ሁሉም ሰው ግን አዲስ ዕቃ አይገዛም። በኢትዮጵያ ገበያ ከውጭ ቢሮዎች ተነቅለው የሚመጡት ያገለገሉ የዴልና የኤችፒ ኮምፒውተሮች ለብዙ ጀማሪ መነሻ ሆነዋል፤ ፕሮሰሰራቸው ደኅና ሆኖ ሳለ ፓወር ሰፕላያቸው ግን ከ240 እስከ 300 ዋት ብቻ የሚሰጥ፣ ብዙዎቹም የኤቲኤክስን ደረጃ የማይከተሉ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ የተባለ ግራፊክስ ካርድ በእነዚህ ኮምፒውተሮች ባለቤቶች ዘንድ የተፈለገበት ምክንያት ይኸው ነው፤ 75 ዋት ብቻ ስለሚፈልግ ኤሌክትሪኩን ከተሰካበት ቀዳዳ ያገኛል፣ ተጨማሪ ገመድ አይጠይቅም። በቀጭኑ ኬዝ የሚገዛ ሰው ግን የካርዱን ቁመት አስቀድሞ ካልለካ ክዳኑ አይዘጋለትም።

ማነቆው ከዘመን ዘመን ሲዘዋወር አንድ ነገር ግን ከቦታው አልተነቃነቀም፤ እርሱም መብራት ነው። በ2001 ዓ.ም. የግድቦች ውኃ በማነሱ ኤሌክትሪክ በፈረቃ ይታደል ነበር፤ የጣናን ውኃ ወደ በለስ የሚያወርደውና 460 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው የጣና በለስ ጣቢያ በ2002 ዓ.ም. ቢመረቅም መቆራረጡ በአንድ ጊዜ የሚወገድ አልነበረም። ሬንደር፣ ማለትም ኮምፒውተሩ የተቀነባበረውን ሥራ ወደ አንድ ፋይል የሚያወጣበት ሂደት፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ አድሮ ሊነጋ ሲል መብራት ከሄደ ከመጀመሪያው ይጀመራል፤ ሠርጎች ደግሞ ከጥምቀት በኋላ ባሉት የጥር ቀናትና ከፋሲካ በኋላ በሚያዝያ ስለሚከማቹ የአንድ ሌሊት ብክነት ሌሎቹን ቀጠሮዎች ሁሉ ይገፋል። ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲሄድ ከባትሪው የሚሰጠው ዕቃ፣ በዚህ ሙያ እንደ ቅንጦት የማይታየው ስለዚህ ነው፤ ሆኖም 650 ቪኤ የሚል ጽሑፍ 650 ዋት ማለት ስላልሆነና በተግባር ከ400 ዋት በታች ስለሚሰጥ፣ ትልቅ ግራፊክስ ካርድ ላለው ኮምፒውተር የሚተርፈው ሥራን ሴቭ አድርጎ ለመዝጋት የሚበቃ ጥቂት ደቂቃ ነው።

የመጀመሪያ ገጣጣሚ አብዝቶ የሚታለለውም በፓወር ሰፕላይ ነው። በጎኑ በትልቁ 500 ዋት የተጻፈበት ርካሽ ዕቃ ከሥሩ ያለው ሠንጠረዥ ሲነበብ በ12 ቮልቱ መስመር 18 አምፒር ብቻ ይሰጥ ይሆናል፤ ፕሮሰሰሩም ሆነ ግራፊክስ ካርዱ የሚኖሩት በዚህ መስመር በመሆኑ፣ 12 በ18 ሲባዛ የሚገኘው 216 ዋት ነው እውነተኛው አቅም። መብራት ሄዶ ሲመለስ ከሚመጣው ከፍተኛ ቮልቴጅ ጋር ሲገናኝም እንዲህ ያለው ዕቃ ብቻውን አይቃጠልም፤ ማዘርቦርዱንና የሰው ሠርግ የያዘውን ዲስክ ይዞ ሊሄድ ይችላል።

የአየር ጠባዩም ይታሰብበታል። የደምቢያ ጥቁር መሬት በበጋ ሲደርቅ የሚያነሣው አቧራ የማቀዝቀዣውን ክንፎች ይደፍናል፤ ጎንደር በምትገኝበት ከ2100 ሜትር በላይ ከፍታም አየሩ በባሕር ጠለል ካለው በአምስተኛ እጅ ገደማ የሳሳ በመሆኑ ፋኑ እኩል እየዞረም የሚወስደው ሙቀት ያነሰ ነው። የተለመደው ሃርድ ዲስክ አንባቢ ጭንቅላት በሚሽከረከረው ሳሕን ላይ የሚንሳፈፈው በአየር ስለሆነ፣ አምራቾች ለብዙዎቹ ዲስኮች የሚፈቅዱት የሥራ ከፍታ 3000 ሜትር ገደማ ነው። ደባርቅ ከዚህ ወሰን በታች ናት፤ በሰሜን ተራሮች ከ3600 ሜትር በላይ በሚገኘው በጨነቅ ሰፈር ዋልያ ለመቅረጽ የሚያድር ቡድን ግን ተንቀሳቃሽ ክፍል የሌለውን ኤስኤስዲ ቢይዝ ይሻለዋል።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የፕሮግራሙና የምንዛሪው ጉዳይ ከዕቃው ምርጫ ጋር ተቆራኝቷል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ በየጊዜው በመስመር ፈቃድ የሚያድሱ ፕሮግራሞች ችግር እንዳላቸው ግልጽ ሆነ፤ በነፃ የሚገኘውና አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራው ዳቪንቺ ሪዞልቭ በዚህ በኩል ይመረጣል፣ ነገር ግን ከሌሎቹ ይበልጥ በግራፊክስ ካርዱ ላይ ስለሚደገፍ የተረፈው የፕሮግራም ወጪ ወደ ካርዱ ይዞራል። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲወሰን ደግሞ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በዚህ ሁኔታ ኮምፒውተርን በደረጃ መሥራት፣ ማለትም ደኅና ማዘርቦርድና ፓወር ሰፕላይ በቅድሚያ ገዝቶ በፕሮሰሰሩ የውስጥ ግራፊክስ ጀምሮ ካርዱን ከአንድ የሠርግ ወቅት በኋላ መጨመር፣ ያዋጣል። እስከዚያው ምስሉን ወደ አነስተኛ ቅጂ ቀይሮ በዚያ መቁረጥና በመጨረሻ ወደ ዋናው መመለስ፣ ፕሮክሲ የሚባለው ስልት፣ ደካማውን ኮምፒውተር ያሠራዋል።

በመሳቢያ የተቀመጡት የ1990ዎቹ ሚኒ ዲቪ ካሴቶች ግን ሌላ ዕቃ ያስፈልጋቸዋል። አዳዲሶቹ ማዘርቦርዶች የፋየርዋየር መሰኪያ ስለሌላቸው፣ የቆየ የሠርግ ካሴት ወደ ፋይል የመለወጥ ሥራ ለመቀበል ያሰበ ሰው ግራፊክስ ካርዱ የማይሸፍነው አንድ ትርፍ ቀዳዳ ያለው ማዘርቦርድ መርጦ የፋየርዋየር ካርድ ይሰካበታል፤ አለዚያም ጥግ የተጣለውን ፔንቲየም 4 ከነሁለት ዲስኩ አቧራውን አራግፎ ለዚህ ሥራ ብቻ ያቆየዋል።