ሁለተኛው ምዕራፍ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ጌታችን መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በተራራው ስብከቱ፣ አንድ ምዕራፍ እንድንሄድ ለሚያስገድደን ሰው ሁለተኛውን ምዕራፍ እንድንጨምርለት አዝዞናል (ማቴ. 5፥41)። ዛሬ ስናነበው ስለ ትሕትና የተነገረ ለስላሳ ምክር ይመስለናል። በዚያ ተራራ ተቀምጠው ለሰሙት ግን ቁስል የሚነካ ቃል ነበር።

«ምዕራፍ» የተባለው የሮማውያን የመንገድ መለኪያ ሲሆን በዛሬው ስሌት 1.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። «ቢያስገድድህ» ተብሎ የተተረጎመው የግሪክ ቃል ደግሞ ከፋርስ ነገሥታት የመልእክተኞች ሥርዓት ጋር የተያያዘ ነው፤ ኋላ ሰውንና የጋማ ከብትን ለመንግሥት ሥራ በግድ መያዝ ማለት ሆነ። በዛሬዋ ቱርክ፣ በሳጋላሶስ የተገኘ አንድ የድንጋይ ላይ ጽሑፍ ይህን ሥርዓት ያሳየናል። በጢባርዮስ ቄሣር ዘመን የተቀረጸ የአገረ ገዥ ደንብ ሲሆን፣ ነዋሪዎቹ ለመንግሥት ተጓዦች ስንት ጋሪና ስንት በቅሎ እንደሚያቀርቡ ይወስናል። ደንብ ማስፈለጉ ራሱ በደሉ የቱን ያህል በዝቶ እንደ ነበር ይመሰክራል።

ገሊላ ደግሞ የቁጣ አገር ነበረች። በእ.ኤ.አ. 6 ዓ.ም. ገሊላዊው ይሁዳ የሮማውያንን የሕዝብ ቆጠራ ተቃውሞ ተነሥቷል፤ እርሱም ጠፋ፣ ተከታዮቹም ተበተኑ (ሐዋ. 5፥37)። ሕዝቡ ይጠብቅ የነበረው ቀንበሩን በሰይፍ የሚሰብር መሲሕ ነው። ከደቀ መዛሙርቱ መካከል እንኳ ቀናተኛው የተባለ ስምዖን ነበረ፤ ከቀራጩ ከማቴዎስ ጋር በአንድ ማዕድ መቀመጡ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። እነዚህ ሁሉ የሚጠሉትን ሰው ሸክም ከታዘዘው በላይ እንዲሸከሙ ተነገራቸው።

ይህ ግፍን ማጽደቅ አይደለም። ጌታችን በጥፊ የመታውን ሎሌ ስለ ምን እንደ መታው ጠይቆታል (ዮሐ. 18፥23)። ነገር ግን የመጀመሪያውን ምዕራፍ የሚወስነው አስገዳጁ ሲሆን፣ ሁለተኛውን የሚወስነው ተሸካሚው ነው። በዚያ መንገድ ላይ ወታደሩ ማዘዙን ያቆማል፤ ተሸካሚውም በፈቃዱ የሚሰጥ ሰው ይሆናል።

የእኛስ ኑሮ? አለቃችን ያለ ተራችን የጫነብንን ሥራ፣ ጓደኛችን ጥሎት የሄደውን የጋራ ድርሻ፣ በሕመም ምክንያት ቁጡ የሆነ ወላጅን ማስታመም እያጉረመረምን እንፈጽመውና ትዕግሥት እንለዋለን። እኔ እንደሚመስለኝ ይህ ገና የመጀመሪያው ምዕራፍ ነው።

ያው የግሪክ ቃል በማቴዎስ ወንጌል አንድ ጊዜ ደግሞ ይገኛል፤ ወታደሮቹ የቀሬናውን ስምዖን የጌታን መስቀል እንዲሸከም ባስገደዱት ጊዜ (ማቴ. 27፥32)። እርሱ ከገጠር ሲመጣ በመንገድ የተያዘ ሰው ነው፤ ፈቃዱን የጠየቀው አልነበረም። ቅዱስ ማርቆስ ግን «የእስክንድሮስና የሩፎስ አባት» ሲል ልጆቹን አንባቢዎቹ እንደሚያውቋቸው አድርጎ ይጠራቸዋል (ማር. 15፥21)።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።