ከሐረር የተገኘው መንጋጋ እና የአባይ በረሃ ድንጋዮች



የዛሬው ንግግሬ መነሻ አንድ የመንጋጋ ቁራጭ ነው። ጀርመናዊው የቅሪተ አካል ሊቅ ፍሪድሪክ ፎን ሁነ በ1938 እ.ኤ.አ. ከሐረር አካባቢ የተገኘን የታችኛ መንጋጋ የፊት ክፍል መርምሮ «ሲሞሌስተስ ኖዋኪያኑስ» ሲል ሰየመው። የመደበውም መቅዘፊያ መሰል እግሮች ከነበሯቸው ፕሊዮሶር ከተባሉ የባሕር ተሳቢ እንስሳት ወገን ነበር።

ይህ ምደባ ከታተመ ከ58 ዓመታት በኋላ፣ በ1996 እ.ኤ.አ.፣ ናታሊ ባርዴና ስቴፋን ኡዋ ያንኑ መንጋጋ ዳግም ፈትሸው እንስሳው ፕሊዮሶር ሳይሆን የባሕር አዞ መሆኑን አሳዩ። ማኪሞሳውረስ ከተባለው የአዞ ወገንም ደመሩት።

ለእኛ ለታሪክ ሰዎች ነገሩ እንግዳ አይደለም። ብራናው ካለ የተሳሳተ ንባብ ይታረማል፤ ብራናው ከጠፋ ግን ስሕተቱም እንደ እውነት ይኖራል። መንጋጋው ተጠብቆ ባይቆይ ኖሮ እርማቱ ባልተቻለ ነበር።

ጉዳዩ አጅባርንም ይመለከታል። በዚህ ደጋ የምንረግጠው ጥቁር ድንጋይ ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ቅላጭ ነው። ወደ አባይ በረሃ ሲወረድ ግን ከ150 ሚሊዮን ዓመታት በፊት አገራችንን ሸፍኖ የነበረው ባሕር የተወው የኖራ ድንጋይ ይገለጣል።

ስለዚህ አጥንት ወይም ጥርስ የሚመስል ድንጋይ ያገኘ እረኛም ሆነ መንገድ ሠራተኛ አይስበረው፣ አይሽጠው፤ ስፍራውን ለይቶ ለባህል ጽሕፈት ቤት ያስታውቅ። የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992ም በድንገት የተገኘ ቅርስ እንዲገለጽ ያዛል። ከስፍራው ያልተለየ ቅሪት ለመጪው መርማሪ ምስክር ይሆናል።