ተሳቢ ወደ ኋላ ሲሄድ
(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር)



በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ የሚያልፍ ሰው የሴባስቶፖልን አምሳያ ሳያይ አይቀርም። ዋናው መድፍ በ1859 ዓ.ም. በጋፋት ተሠርቶ፥ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ፥ በመጋቢት ወር መቅደላ ደረሰ። ክብደቱም ሰባት ቶን ያህል እንደ ነበረ ይነገራል። ይህን ታሪክ ስናነሣ አብዛኞቻችን የምናስበው ዳገቱን ነው፤ ያን የሚያህል ብረት ወደ ላይ የሳበው የሰው ክንድ ያስደንቀናል። ነገር ግን በዚያ መንገድ ላይ የጅዳና የበሽሎ ሸለቆዎች አሉ፤ ወደ እነርሱ የሚያደርሰውም ቁልቁለት ነው። በቁልቁለት ላይ ጭነት ተጎታችነቱን ትቶ ከፊቱ ያለውን መግፋት ይጀምራል። እንደ እኔ አስተያየት ከዳገቱ ይልቅ የሚያስፈራው ይኸው ነው።

ዛሬ ልናገርበት ያሰብሁት ከኋላ የሚከተል ጭነት ሲገፋ እንዴት እንደሚያዝ፥ ወደ ኋላ መሄድ ሲያስፈልግም እንዴት እንደሚለቀቅ ነው። ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በባቡር ሐዲድ የመጀመሪያ ዘመናት በአሜሪካ አገር የፉርጎዎች ፍሬን በእጅ ይጠመዘዝ ነበር። ለዚህ ሥራ የተቀጠሩት ሰዎች በዝናብና በበረዶ ሳይቀር በፉርጎ ጣራ ላይ እየሮጡ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘልሉ ነበርና ብዙዎቹ ወድቀው ሞተዋል። በ1869 ጆርጅ ዌስቲንግሃውስ የተባለ የ22 ዓመት ወጣት በታመቀ አየር ለሚሠራ ፍሬን የፈጠራ መብት ተሰጠው። ነጂው ከባቡሩ ራስ ላይ ሆኖ በቧንቧ አየር ሲልክ የፉርጎዎቹ ፍሬን ይይዛል። ብልሃቱ መልካም ነበር፤ ነገር ግን ቧንቧው ቢበጠስ አየር አይደርስም፥ አየርም ካልደረሰ ፍሬን የለም። ስለዚህ ዌስቲንግሃውስ በ1872 ነገሩን ገለበጠው። በቧንቧው ውስጥ አየር እስካለ ድረስ ፍሬኑ ተለቅቆ ይቆያል፤ አየሩ ሲጠፋ ግን እያንዳንዱ ፉርጎ ከራሱ በርሜል ባለው አየር ፍሬኑን ይይዛል። በዚህም ምክንያት ባቡሩ ለሁለት ቢከፈል ሁለቱም ክፍሎች በየራሳቸው ይቆማሉ።

ይህ ትምህርት በሁሉም ዘንድ ወዲያው አልተወሰደም። በጁን 12 ቀን 1889 በአየርላንድ አርማ ከምትባል ከተማ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆችና ወላጆች፥ ከዘጠኝ መቶ የሚበልጡ ሰዎች፥ ለሽርሽር በባቡር ተሳፈሩ። ባቡሩ ዳገት ላይ ሲደርስ አቅም አጥቶ ቆመ። ሠራተኞቹም ባቡሩን ለሁለት ከፍለው የፊተኛውን ክፍል አስቀድሞ ለመውሰድ ወሰኑ። የዚያ ባቡር ፍሬን ከራሱ በሚመጣ ትእዛዝ ብቻ የሚይዝ ዓይነት ነበርና፥ መጋጠሚያው በተፈታ ጊዜ የኋለኞቹ አሥር ፉርጎዎች ፍሬን ተለቀቀ። የቀረላቸው አንድ የእጅ ፍሬንና በጎማዎቹ ሥር የተደረጉ ድንጋዮች፥ እኛ ታኮ የምንላቸው፥ ብቻ ነበሩ። የፊተኛው ክፍል ለመነሣት ሲሞክር ጥቂት ወደ ኋላ ተንሸራቶ ፉርጎዎቹን ነካቸው። ድንጋዮቹ ተደቈሱ፤ ፉርጎዎቹም በቁልቁለቱ ወደ ኋላ ተንከባልለው ከበስተኋላ ይመጣ ከነበረው ባቡር ጋር ተጋጩ። ወደ 80 የሚሆኑ ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ልጆች ነበሩ። በዚያው ዓመት የእንግሊዝ ፓርላማ መንገደኛ የሚጭኑ ባቡሮች ሁሉ ሲበጠሱ በራሳቸው የሚይዙ ፍሬኖች እንዲኖሯቸው ሕግ አወጣ።

አሁን ከሐዲዱ ወደ መኪና መንገድ እንለፍ። ጀልባ የምትጭን ትንሽ ተሳቢ የአየር መጭመቂያ ልትሸከም አትችልም፤ የሚጎትታትም የቤት መኪና የታመቀ አየር የለውም። የኤሌክትሪክ ፍሬን ይደረግላት ቢባል ጀልባው በሚወርድበት ጊዜ ጎማዎቿ ውኃ ውስጥ ይገባሉና ውኃው በተለይም የባሕር ጨው ያበላሸዋል። ስለዚህ ሠሪዎቹ ትእዛዙን ከራሱ ከጭነቱ ግፊት ወሰዱት። የተሳቢዋ መጋጠሚያ ሁለት ብረት ሆኖ አንዱ በሌላው ውስጥ ይንሸራተታል። መኪናው ፍሬን ሲይዝ ተሳቢዋ ወደ ፊት ትገፋለች፤ ያ ግፊት የፍሬን ማስተሩን ይጫናል፤ ማስተሩም ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ ይልካል። ጭነቱ በከበደ መጠን ግፊቱ ይበረታል፥ ፍሬኑም አጥብቆ ይይዛል። እኔ ይህን ብልሃት እጅግ አደንቀዋለሁ፤ ጠላት የነበረውን ግፊት አገልጋይ አድርጎታልና።

ነገር ግን መጋጠሚያው ዕውር ነው። ሾፌሩ የኋላ ማርሽ አስገብቶ ተሳቢዋን በዳገት ወይም በጭቃ ላይ ሲገፋት ያው መጋጠሚያ እንደ ገና ይጨመቃል፥ ፍሬኑም ይይዛል። ሞተሩ ያጓራል፥ ፍሪሲዮኑ ይሸታል፥ ተሳቢዋ ግን ንቅንቅ አትልም። ወደ ውኃው በሚያወርደው ቁልቁለት ላይ ይህ ችግር የለም፥ በዚያ ተሳቢዋ ራሷ መኪናውን ትስበዋለችና። ችግሩ የሚመጣው በግቢ ውስጥና ወደ ኋላ በሚወጣ ዳገት ላይ ነው።

የመጀመሪያው መፍትሔ መጋጠሚያው እንዳይንሸራተት የሚያግድ ቁራጭ ብረት ነበር። ሾፌሩ ወርዶ ያስገባዋል፥ ሲጨርስም ወርዶ ያወጣዋል። ማውጣቱን የረሳ ሾፌር ግን ፍሬን የሌላትን ተሳቢ ይዞ አውራ ጎዳና ይወጣል፤ መርሳቱንም የሚያውቀው በመጀመሪያው ቁልቁለት ላይ ነው። ቀጥሎ ወደ ፊት ሲዞር የሚይዝ፥ ወደ ኋላ ሲዞር የሚለቅ የታምቡር ፍሬን መጣ፤ በእንግሊዝ አገር ከ1989 ወዲህ ለሚሠሩ በግፊት ፍሬን ለሚቆሙ ተሳቢዎች ወደ ኋላ ሲሄዱ ፍሬናቸው በራሱ እንዲለቅ በሕግ ታዝዟል።

በ1953 የጃጓር መኪና በዲስክ ፍሬን የለማንን እሽቅድድም ካሸነፈ በኋላ ዲስክ በዓለም ተስፋፋ፤ በጊዜ ብዛትም ወደ ጀልባ ተሳቢ ደረሰ። ዲስክ በውኃ ታጥቦ ቶሎ ይደርቃል፤ ነገር ግን ጎማው ወደ ፊት ይዙር ወደ ኋላ አይለይም፥ እኩል ይይዛል። እዚህ ላይ ነው የኤሌክትሪክ ሽቦ የገባው። በዘይቱ መንገድ ላይ ሶሌኖይድ የሚባል፥ ኤሌክትሪክ ሲደርሰው ማግኔት ሆኖ ቫልቩን የሚዘጋ የሽቦ ጥቅልል አደረጉ። ኤሌክትሪኩም የሚመጣው ከመኪናው የኋላ ማርሽ መብራት ነው። በአሜሪካ የተሳቢ መብራት በአራት ሽቦ ይሠራል፤ ነጩ የመመለሻ፥ ቡኒው የማታ መብራት፥ ቢጫውና አረንጓዴው የግራና የቀኝ ፍሬቻና የፍሬን መብራት ናቸው። ለዚህ ሥራ አምስተኛ ሽቦ ተጨመረ፤ ብዙ ጊዜም ሰማያዊ ነው። ሾፌሩ የኋላ ማርሽ ሲያስገባ መብራቱ ይበራል፥ ቫልቩ ይዘጋል፥ ዘይቱ ወደ ጎማዎቹ አይደርስም።

ይህ ቫልቭ ኤሌክትሪክ በሌለው ጊዜ ክፍት ነው። ሽቦው ቢበጠስ ወይም ቢዝግ ወደ ኋላ መሄድ ያስቸግር ይሆናል እንጂ ፍሬኑ አይጠፋም፤ ዌስቲንግሃውስ በ1872 የገለበጠው ነገር በዚህች ትንሽ ቫልቭ ውስጥ አለ። የሚያሠጋው ሽቦውን በስሕተት የሚያጋጥም እጅ ነው። ሰማያዊው ከማታው መብራት ጋር ቢታሰር ተሳቢዋ ቀን ፍሬን ይኖራታል፥ ሲመሽ ግን ታጣለች። ከፍሬን መብራት ጋር ቢታሰር ደግሞ ሾፌሩ ፍሬን በረገጠ ቁጥር የተሳቢዋ ፍሬን ይዘጋል፤ ከዚህ የከፋ ጠላት የለም። የመመለሻውንም ሽቦ በዝገትና በቅባት በተሸፈነው መጋጠሚያ ላይ መተማመን አይገባም፤ ራሱን ችሎ መዘርጋት ይኖርበታል። ሥራው ሲያልቅ ማርሹን ሁለት ሦስት ጊዜ እየለዋወጡ፥ መብራት አብርተውም አጥፍተውም መፈተን ነው።

አንድ ነገር ቀረኝ። በግፊት የሚሠራ ፍሬን ዳገት ላይ አፍንጫውን ወደ ላይ አድርጎ የቆመን ተሳቢ አይዝም፤ ጭነቱ ወደ ኋላ ስለሚስብ መጋጠሚያው ይዘረጋል እንጂ አይጨመቅም። ሰማያዊው ሽቦም ሆነ ቫልቩ በዚያ ጊዜ የሚረዱት ነገር የለም። ስለዚህ ጀልባ ከውኃ የሚያወጡ ሰዎች፥ የተሳቢያቸው ፍሬን የቱንም ያህል ዘመናዊ ቢሆን፥ ዳገቱ ላይ ሲቆሙ ዛሬም ከመኪናቸው ወርደው በጎማው ሥር ታኮ ያስገባሉ።