የግል ተፈታኝ በጅማና በቡና ከተሞቿ

ክፍል ገብተው ሳይማሩ በፈተና ብቻ የኮሌጅ ክሬዲት፣ ማለትም ለዲግሪ የሚቆጠር የትምህርት ሰዓት፣ ማግኘት በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ «ክሌፕ» በሚባለው የፈተና ሥርዓት የተለመደ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ግን የዚህ ዓይነቱ አሠራር ከኮሌጅ ደጃፍ አልፎ ወደ ግቢው ሳይገባ ቀርቷል። ስለዚህም በጅማ፣ በአጋሮና በሊሙ ገነት ታሪኩን ለሚከታተል ሰው መነሻ የሚሆነው ኮሌጁ ሳይሆን የግል ተፈታኙ ነው፤ ይህም በመደበኛ ተማሪነት ሳይመዘገብ በራሱ አንብቦ ለብሔራዊ ፈተና የሚቀርብ ሰው ማለት ነው።

የለንደን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1858 የትም የተማረ ሰው ፈተናውን ካለፈ ዲግሪ እንዲሰጠው ፈቅዶ ነበር፤ ከጣሊያን ወረራ በኋላ የተከፈቱት የኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎችም መጀመሪያ የተፈተኑት የዚሁኑ ዩኒቨርሲቲ የመግቢያ ፈተና ሲሆን፣ አገሪቱ የራሷን የ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና ያቋቋመችው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በተከፈተበት እ.ኤ.አ. በ1950 ነው። ይሁንና መማሪያውንና ማስመስከሪያውን ለያይቶ ማየት ለአገሩ እንግዳ አልነበረም። የቤተ ክርስቲያን የዜማ መጽሐፍ የሆነውን ድጓን በየትኛውም ደብር የተማረ ደቀ መዝሙር ለማስመስከር በቀድሞው ጎንደር ክፍለ ሀገር ወደምትገኘው ቤተልሔም ይሄድ ነበር፤ በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን የእስልምና ትምህርት በተስፋፋበት በጅማም ደረሳው፣ ማለትም የሃይማኖቱ ተማሪ፣ መጽሐፉን በሸኹ ፊት አንብቦ የማስተማር ፈቃድ የሆነውን ኢጃዛ ይቀበል ነበር።

በቡና ከተሞች የግል ተፈታኝነት የተመቸበት ምክንያት በአብዛኛው ከአዝመራው ጋር የተያያዘ ይመስላል። ቡና የሚለቀመው በትምህርት ዘመኑ የመጀመሪያ ወራት፣ በተለይም ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ እሸት ቡና የሚሰበስበው፣ ጀንፈል የሚያደርቀው፣ በመቀሸሪያው ደጅ ሚዛን ይዞ የሚመዘግበው ወጣት ከክፍል መቅረቱ የማይቀር ነበር። ፈተናው ግን የሚሰጠው አዝመራው ካለፈ በኋላ ስለነበረ፣ ቡናውን አስረክቦ በማታ ትምህርትም ሆነ በተዋሰው መጽሐፍ ሲዘጋጅ የከረመ ሰው ከመደበኛው ተማሪ ጋር እኩል ሊቀመጥ ይችል ነበር። እኩልነቱ በእርግጥ የወረቀት ነበር፤ የቤተ ሙከራ ዕቃ ነክቶ የማያውቅ ተፈታኝ የኬሚስትሪን ጥያቄ በሽምደዳ ከመመለስ በስተቀር ምርጫ አልነበረውም።

የጅማ ከፍተኛ ትምህርት በበኩሉ ገና ከመነሻው በተግባር ላይ የተገነባ ነበር። የእርሻ ትምህርት ቤቱ በ1945 ዓ.ም. በአሜሪካው የኦክላሆማ ኮሌጅ እገዛ ተከፈተ፤ እ.ኤ.አ. በ1983 የተመሠረተው የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩትም ማኅበረሰብ ተኮር የሚባለውን ሥርዓት፣ ማለትም ተማሪው በየከተማውና በየቀበሌው ከነዋሪው ጋር እየሠራ የሚማርበትን ዘዴ፣ መለያው አደረገ። ሁለቱ በ1992 ዓ.ም. ተዋሕደው ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሲሆኑ ይኸው ልማድ ቀጠለ። አጋሮ ጤና ጣቢያ ውስጥ በቡድን የተሠራ የሳምንታት ሥራ በአንድ የመልስ ወረቀት ሊተካ እንደማይችል ግልጽ ነው።

ከክፍል ውጭ ለተገኘ ዕውቀት ሰፊውን በር የከፈተው የ2000 ዓ.ም. የቴክኒክና ሙያ ትምህርት ስትራቴጂ ነው፤ በዚህ ሥርዓት በተለምዶ «ሲ ኦ ሲ» የሚባለው የብቃት ምዘና ሙያው የት እንደተለመደ ሳይሆን መቻል አለመቻሉን ይመረምራል፣ ውጤቱም «ብቁ» ወይም «ገና ብቁ ያልሆነ» ተብሎ ይነገራል። ለጅማ ከዚህ ይልቅ የሚቀርበው የቡና ቀማሽ ፈተና ነው። «ኪው ግሬደር» በሚባለው ዓለም አቀፍ ፈተና ላይ ሦስት ስኒ ይቀርባል፤ ሁለቱ ከአንድ ቡና፣ አንዱ ከሌላ ናቸው፤ ተፈታኙ በማንኪያ እየማገ ልዩ የሆነውን ማውጣት አለበት። የምላሱን ጉዳይ ዲግሪ አይመሰክርለትም፣ ዲግሪ ማጣቱም አይከለክለውም።

ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው ቀማሽ የእርሻ ኮሌጅ ተማሪ ልሁን ቢል፣ በስኒ ፊት ያስመሰከረው ዕውቀት በተለምዶ ክሬዲት ሆኖ አይያዝለትም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች ሁሉ ላይ የተጣለው የመውጫ ፈተናም አቅጣጫው ሌላ ነው፤ ክፍሉን የሚያስቀር ሳይሆን፣ የዓመታት ትምህርቱን የጨረሰ ተማሪ እንደገና የሚፈተንበት ነው።